"ንጹህ ነው" ብዬ መለስኩላት

እህቴ ደወለች። ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳትጨርስ "አንቺ እነዚያን መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለዶች ድሮ ታነቢ አልነበር?" አለችኝ። ልጇ አንዱን ጀምራለች። ሽፋኑ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ማሳ መሃል ቆማ አሻግራ ታያለች። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። "ለእሷ ይሆናል? ወይስ ልቀማት?"

"ተያት ባክሽ፣ ንጹህ ነው" አልኳትና ወደ ሌላ ወሬ ገባን።

የቆጨኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ንጹህ ማለት ምን ማለት ነው? አልጋ ላይ የሚሆነው አልተጻፈበትም ማለት ነው። ስድብ የለበትም ማለት ነው። በቃ፣ ከዚህ ያለፈ ምንም አልነገርኳትም። እሷ የጠየቀችኝ ግን ልጇ እዚያ ውስጥ ምን እንደምታገኝ ነበር። እሱን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ምክንያቱም አሥር ዓመት ሙሉ ከእነዚህ መጻሕፍት ሌላ ልብ ወለድ ያነበብኩ አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ያነበብኩት በ15 ዓመቴ ነው። መጽሐፉን ያዋሰችኝ የታወቀች ጸሎተኛ ስለነበረች ማንም "ምንድነው የያዝሽው?" ብሎ አልጠየቀኝም። እውነቱን ልናገር፣ ጸሎቶቹን እየዘለልኩ ነበር የማነበው። መሳሳሙ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ሄጄ መኖሩን አረጋግጥና ተመልሼ ከአንደኛው ገጽ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ መጠበቅ ነው። ከጋሪ ሲያወርዳት እጁ ወገቧን ይነካል፣ ስለዚያች ንክኪ ሁለት ገጽ ይወራል። ማታ እሷ ጸጉሯን ስትፈታ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ አይቶ ዓይኑን ያዞራል፣ ሌላ ሁለት ገጽ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ሁሉን ነገር በግልጽ ከሚያሳይ ጽሑፍ ይልቅ ልቤን ያስመታው ያ የተከለከለው ነገር ነበር። ስለዚህ "ምንም የለበትም" የሚለው ነገር ያስቀኛል። ሞልቶበታል እኮ! ያልተጻፈ ስለሆነ ነው የማይታየው።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። እነዚህ ልብ ወለዶች በብዛት የሚታተሙት አሜሪካ ነው፣ በክርስቲያን አሳታሚዎች። ታሪካቸው ባለፉት ዘመናት ላይ ይቆማል፤ በጣም የሚወዱት 19ኛውን ክፍለ ዘመን ነው። ሰፋሪዎች በጋሪ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ አንዲት አስተማሪ ብቻዋን ወደማታውቀው መንደር ስትሄድ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያና በደብዳቤ የተዋወቀችውን ሰው ልታገባ ባቡር ስትሳፈር። ካትሪን ማርሻል በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ያወጣችው «ክሪስቲ» አለ፤ የ19 ዓመት ልጅ በ1912 በአፓላቺያ ተራሮች ልታስተምር ትሄዳለች። ከዚያ ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በ1979 «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ»ን አሳተመች። እሱ ተሸጦ ተሸጦ፣ አሳታሚዎቹ "ለካ ይህን የሚጠብቅ አንባቢ አለ" ያሉበት መጽሐፍ ነው። ባሏ በጉዞ ላይ ሞቶባት፣ ነፍሰ ጡር ሆና ብቻዋን የቀረች ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበትና ትንሽ ልጅ የምታሳድግለት ሰው የሚፈልግ ገበሬን ታገባለች። ባሏ በተቀበረበት ዕለት! ፍቅር የሚመጣው በኋላ ነው፣ ቀስ ብሎ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ይህች ሴት ባል የቀበረች፣ በሆዷ ልጅ የያዘች፣ የት እንደምታድር የማታውቅ ሴት ናት። ይህ የልጆች ታሪክ አይደለም። ዘርፉ ከመጀመሪያው የተጻፈው ለአዋቂ ሴቶች ነው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ሚስትና እናት ለሆኑ። ታዳጊዎቹ የገቡት በጎን በር ነው። እናቶች መደርደሪያውን አይተው "እዚህ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር የለም" ስላሉ፣ ለ40 ዓመት ሴት የተጻፈው ለ13 ዓመቷም ተፈቀደ። "ንጹህ" የሚለው ቃል ሳይታወቅ የዕድሜ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህ ለምን ችግር እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ፣ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ስሙን ያልሰማ የለም። የፍራንሲን ሪቨርስ «ሪዲሚንግ ላቭ» ነው። መጀመሪያ በ1991 በዓለማዊ አሳታሚ ወጣ፤ በ1997 ደግሞ ተስተካክሎ በክርስቲያን አሳታሚ ታተመ። የነቢዩ ሆሴዕንና ያልታመነችለትን ሚስቱን የጎሜርን ታሪክ ወስዶ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ካሊፎርኒያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሴቲቱ በስምንት ዓመቷ ለሴተኛ አዳሪነት የተሸጠች ናት። በስምንት ዓመቷ! መጽሐፉ ይህን በጥንቃቄ ነው የሚይዘው፣ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ግን ልጅ አእምሮ ዝርዝሩን ራሱ ይሞላዋል። እኔ 16 ዓመቴ ላይ አንብቤው ለብዙ ሌሊት መብራት ሳላጠፋ ተኝቻለሁ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? መንፈሳዊ መጽሐፍ ነው እኮ።

መጽሐፉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ሴቶች፣ በተለይ በልጅነታቸው የተጎዱ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን እንዳገኙ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ አምናቸዋለሁም። እኔም በ30 ዓመቴ ደግሜ ሳነበው አለቀስኩ። የማልስማማው ሽፋኑ ላይ "ክርስቲያን" ስለተባለ ብቻ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል ከሚለው ጋር ነው።

ግን የሚያስፈራኝ ዋናው ነገር ይህም አይደለም። የሚያስፈራ ትዕይንት ልጅ ያስደነግጣል፣ ያልፋል። የማያልፈው ሳይታወቅ የሚገባው ነው።

ሆሴዕ ጎሜርን ሲፈልጋት ነቢይ ነው። ትዳሩ እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር ያለውን ነገር እንዲያሳይ የተሰጠ ምልክት ነው። ይህን ወስዳችሁ የፍቅር ታሪክ ስታደርጉት፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ሳይታወቅ የእግዚአብሔርን ቦታ ይይዛል። የማይደክም፣ የማይሰለች፣ ብትሸሽም የሚከተል፣ እንቢ ብትልም የሚጠብቅ። በሆሴዕ መጽሐፍ ይህ ምሕረት ነው። ከመጽሐፉ ውጭ፣ እንቢ ያልሽውን ሰው በየሄድሽበት ስታገኚው ግን ምሕረት አይባልም።

እዚያ ታጋሹ ወንዱ ነው። በሌሎቹ በብዙዎቹ ግን የምትታገሠው ሴቷ ናት። ወንዱ ቁጡ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጦርነት ላይ ቆስሎ ወይ ሚስቱን ቀብሮ ልቡ ደንድኗል፣ አንዳንዴም ይጠጣል። እሷ ታበስላለች፣ ትጸልያለች፣ ትችላለች። ከዚያ አንድ ቀን በበረዶ አውሎ ነፋስ ወይ በእሳት ቃጠሎ ወይ ልጅ ታሞ ሌሊቱን ሲጠብቁ፣ ሰውየው ይሰበራል። ይንበረከካል። በማግስቱ ሌላ ሰው ነው።

በ22 ዓመቴ አንድ ሰው ነበር። ሲናደድ ዕቃ ይወረውር ነበር። እኔን መትቶ አያውቅም፣ ይህንንም ለጓደኞቼ እንደ ትልቅ ነገር እናገረው ነበር። በማግስቱ ያለቅሳል፣ ስለ አባቱ ያወራል፣ አብረን እንጸልያለን። እኔ ደግሞ በውስጤ "ምዕራፍ 19 ላይ ነን፣ ትንሽ ነው የቀረው" እል ነበር። ቃል በቃል እንዲህ ነው የማስበው። ሁለት ዓመት ምዕራፍ 19 ላይ ቆየሁ። ጥፋቱ የመጽሐፍ ነው ማለት ይከብደኛል፣ ሰው በብዙ ምክንያት ይታለላል። ግን ያን ሰው ሳየው የማየው መልክ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የተሰማኝ ነፃነት አልነበረም። አንብቤ ያልጨረስኩት መጽሐፍ ያለብኝ ዓይነት ስሜት ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ትንሽ ያስቃል። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ ይላል። ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያላመነ ወንድ መጨረሻው ላይ ማግባት አይችልም። ማመን አለበት። መቼ እንደሚያምን ደግሞ በቀኝ እጄ የቀሩትን ገጾች ውፍረት ዳሰስ አድርጌ እነግራችሁ ነበር። አንዳንዱ ደራሲ ይህን በጥልቀት ይሠራዋል፣ ሰውየው ስለ ራሱ ብሎ ከእግዚአብሔር ጋር ይታገላል። አብዛኛው ግን የጋብቻ ፈቃድ እንደ ማውጣት ነው። ልጅቷ የምትማረው ምንድነው? እምነት ሰውየውን ለእኔ የሚያበቃልኝ ነገር ነው። ጸሎት ደግሞ መልሱ ባል ነው። ጸልየው ብቻቸውን የቀሩ ሴቶች በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ካሉም፣ መክረው አጋብተው የሚሞቱ አክስቶች ናቸው። (እኔ አሁን አክስት ነኝ፣ ስለዚህ ይህ ጉዳይ በግል ይመለከተኛል።)

ስለ ታሪኩስ? ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ እናቶችም ቢያንስ ታሪክ ትማራለች ይላሉ። ትማራለች፣ እውነት ነው። በ1854 እና በ1929 መካከል ወላጅ የሌላቸውን ወይም ወላጆቻቸው ማሳደግ ያቃታቸውን ልጆች ከምሥራቅ ከተሞች በባቡር እየጫኑ ወደ ምዕራብ ይልኩ እንደነበር እኔ የሰማሁት ከእንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ ነው። ከ200,000 በላይ ልጆች እንደሆኑ ይገመታል። ጣቢያ ላይ ያሰልፏቸዋል፣ ገበሬው መጥቶ ጡንቻቸውን ዳስሶ ይመርጣል። ይህን ከትምህርት ቤት አልሰማሁም። የኮሌራን ነገር፣ በጋሪ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጓዝ ከአራት እስከ ስድስት ወር እንደሚፈጅ፣ ሰዎች በመንገድ ዳር ልጆቻቸውን ቀብረው ጉዞ እንደሚቀጥሉ፣ ሁሉንም ከእነሱ ነው ያወቅሁት።

ግን የተጠረገ ታሪክ ነው። ገበሬው የሚያርሰው መሬት ባዶ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ ከእሱ በፊት እዚያ የኖሩት ሰዎች የት እንደተገፉ አይነገርም፣ ከተነገረም በአንድ ደግ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ በኩል ነው። በደቡብ የሚካሄደው ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቤት ያምራል፣ ጥጡን ማን እንደለቀመው ቶሎ ታልፎ ይሄዳል። ወደ እንግሊዝ የሚሻገሩት ደግሞ ቀሚሱንና ዳንሱን አስውበው፣ ያገባች ሴት ንብረት በሕግ ወደ ባሏ እጅ ይገባ እንደነበር ይዘሉታል። ይህ በደንብ የተቀየረው በ1882 በወጣው ሕግ ነው። አዋቂ አንባቢ ስፌቱ የት እንዳለ ያያል። ልጅ አያይም፣ ለእሷ ይህ ያ ዘመን ነው።

ስለ ዕድሜም እንዲሁ። ሴቲቱ 17፣ ሰውየው 29 ሲሆን አንባቢው "በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር" ብሎ ያልፋል። እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። ግን በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በ1890 የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ለሴት 22፣ ለወንድ 26 ገደማ ነበር። በሰፋሪዎቹ አካባቢ ሴቶች ቀደም ብለው ያገቡ ነበር፣ ይሁን። ቢሆንም ያቺ የ17 ዓመት ሙሽራ ከታሪክ ይልቅ የደራሲዎች ልማድ ትመስለኛለች። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ 17ን ሩቅ አድርጋ አታየውም።

ይህን ሁሉ ብዬ ታዲያ ልትከለክል ነው ብላችሁ ትጠብቁኝ ይሆናል። አልከለክልም። መጀመሪያ ነገር፣ የሚከለክል ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ራሱ ምን ሊያደርገው ነው? ትዕማር አለች፣ ዲና አለች፣ አስቴር ለንጉሡ ስትዘጋጅ 12 ወር በሽቶ ስትታሽ ከርማለች። ሩት ሌሊት አውድማ ላይ ሄዳ በቦዔዝ እግር ሥር ተኝታለች። ያዕቆብ ለራሔል ሰባት ዓመት ሲያገለግል ከፍቅሩ የተነሣ ጥቂት ቀን መሰለው፣ ሲነጋ ግን አጠገቡ ያገኛት ልያን ነው። ከዚህ በላይ የፍቅር ታሪክ የት አለ? ልዩነቱ መጽሐፍ ቅዱስ አያስውብም። ልያ አልተወደደችም ይላል፣ በቃ። በእኛ ልብ ወለድ ቢሆን ልያ ምዕራፍ 24 ላይ አንድ ባል የሞተበት እረኛ ትተዋወቅ ነበር።

ሁለተኛ ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት ለእኔ የሰጡኝን አልክድም። ሴቶች ሲያዝኑ አይቻለሁ፣ ወር ሙሉ ሲያዝኑ፣ ማንም "በርቺ" ብሎ ሳያቋርጣቸው። እግዚአብሔርን ሲቆጡት አይቻለሁ። መጠበቅ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ፈልጎ አለመንካት የሚባል ነገር እንዳለ አይቻለሁ፣ ይህን ደግሞ ስልኳ ላይ ያለው ነገር ለእህቴ ልጅ አያሳያትም። በዕድሜዋ ያሉ ልጆች የሚቀባበሉትን ሳይ፣ ለአንዲት ንክኪ ሁለት ገጽ የሚያወራ መጽሐፍ ቅንጦት ነው።

ስለዚህ መልሼ ደወልኩላት። "ንጹህ ነው ያልኩሽን ተይው" አልኳት። "ምን ሆነ ደግሞ?" አለች ደንግጣ። ምንም አልሆነም፣ አብሬያት ላንብበው አልኳት። እህቴ ገርሟት ሳቀች፣ ግን መጽሐፉን በስልኬ አወረድኩ። «ሪዲሚንግ ላቭ»ን ግን ቢያንስ 17 እስኪሆናት ድረስ እንዳታስነካት ነገርኳት፣ ስታነበውም ብቻዋን እንዳይሆን። ይህን ያልኩት አንድ ሰው ለእኔ ብሎልኝ ቢሆን ኖሮ በሚል ነው።

የልጅቷ መጽሐፍ ስሙን አልነግራችሁም፣ መቶ የሚሆኑ ተመሳሳዮች አሉት። አንዲት ሴት ባሏ ይሞታል። መንግሥት ለሰፋሪ የሚሰጠውን መሬት ይዘው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ወንድ ከሌለ መሬቱን እንደምታጣ ይነገራታል፣ ስለዚህ ጎረቤት ያለውን ዝምተኛ ገበሬ ለስሙ ታገባለች። የቀረውን ገምቱት።

በየቀኑ ሁለት ሁለት ምዕራፍ እያነበብን በጽሑፍ እንላላክ ነበር። እኔ ትልልቅ ጥያቄዎች አዘጋጅቼ ነበር። "ቢቆጣት ምን ማድረግ ያለባት ይመስልሻል?" "ስለ ጸሎቱ ምን አሰብሽ?" ምን ዋጋ አለው፣ በአንድ ቃል ነው የምትመልሰው። "እሺ።" "ደህና ነው።" አንዴ ብቻ "ሰውየው ለምን አፍ አውጥቶ አይናገርም ግን?" ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔ እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ 24 ዓመት ፈጅቶብኛል።

በአራተኛው ቀን፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

"አክስቴ ተኝተሻል?"

"አልተኛሁም። አንቺስ ለምን አልተኛሽም?"

"ፈልጌ አገኘሁት። የ1862ቱ የመሬት ሕግ። 160 ኤከር። ያላገባች ሴትም 21 ከሞላት መውሰድ ትችላለች። ባሏ የሞተባት ደግሞ የእሱን መቀጠል ትችላለች፣ አምስት ዓመቱን ጨርሳ በስሟ ታደርገዋለች። ባል አያስፈልጋትም ነበር እኮ!!!"

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ይህን ዘርፍ ስንት ዓመት አንብቤ፣ ስንት ባል የሞተባት ሴት በመሬት ሰበብ ስትዳር አይቼ፣ አንድ ቀን እንኳን ሕጉ ምን ይላል ብዬ አልፈለግሁም። ምን ልበላት ብዬ ሳስብ ሌላ መልእክት መጣ።

"ግን አሁን ምዕራፍ 19 ላይ ነኝ። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ። እንድታገባው ፈልጌያለሁ።"